የዮሌ እግር

ዘጠኝ፣ አሁንም ዘጠኝ፣ መለኪያው ካሊብሮ አይዋሽም፣ ዓይኔም ገና አልከዳኝም፣ የታችኛው ፖምፓ ዘንግ የሚገፋው ዘጠኝ ሚሊሜትር ነው፣ መግፋት ያለበት አሥራ ሁለት፣ ሦስት ይጎድላል። ሦስት ሚሊሜትር። የምስር ፍሬ ውፍረት ናት፣ ግን ፍሪሲዮኑን ከሞተሩ የምታላቅቀው እሷ ናት፣ እሷ ከጎደለች ማርሽ ማስገባት የተቆለፈ በር በትከሻ መግፋት ነው፣ ይጮኻል፣ ይነክሳል፣ አይገባም። ቀትር ላይ ደግሞ ዮሌ ትመጣለች።

እንደገና ከመጀመሪያው። አትቸኩል ኤርሜስ፣ ሰባ ዘጠኝ ዓመት ያልቸኮልክ ሰው በቀሩህ ሦስት ሰዓታት አትቸኩል። ቁጠር። ፔዳሉ ፊት ለፊት፣ ሞተሩ ከወንበሮቹ ጀርባ፣ ይቺን መኪና የሠራት ሰው ሞተሩን ከነጂው ኋላ ያስቀመጠው ለሚዛን ብሎ ነው፣ ሚዛኗስ ልክ ነው፣ ጠመዝማዛ ላይ እንደ ድመት ነው የምትታጠፈው፣ ግን በፔዳሉና በፍሪሲዮኑ መሃል ሦስት ሜትር ከአርባ የዘይት ቧንቧ ተዘርግቷል፣ በወለሉ ስር ይሄድና ነዳጅ ታንከሩ ጋ ሽቅብ ወጥቶ እንደገና ይወርዳል፣ አየር ደግሞ እንደ ባለሥልጣን ነው፣ ከፍ ያለ ቦታ ካገኘ አልወርድም ይላል። ስለዚህ ትናንት ሦስት ጊዜ አየር አስወጣሁ፣ ሁለት ጠርሙስ ተኩል ዘይት ጨረስኩ፣ የታችኛውን ፖምፓ ከቦታው ፈትቼ፣ አፍንጫውን ወደ ሰማይ አዙሬ በሽቦ ሰቀልኩት፣ ፒስተኑን እስከ ጥግ ገፋሁት፣ አንዲት አረፋ ወጣች፣ አንዲት ብቻ፣ ከዚያ ጥርት ያለ ዘይት። አየር አይደለም። የጎማውን ቱቦ ቀየርኩ፣ ውስጡ ተነፍቶ ይሆናል ብዬ፣ አልተነፋም። ሸራው አዲስ፣ ሸራውን የሚጫነው ሳህን አዲስ፣ ፔዳሉ ጋ ያለው የላይኛው ፖምፓ አዲስ፣ ፍሪሲዮኑ ጋ ያለው የታችኛውም አዲስ። ሁሉ አዲስ፣ ውጤቱ ዘጠኝ።

ስንት መጣ ይለኛል ቫይነር። በሩ ላይ የተገለበጠ የወይን ሳጥን ላይ ተቀምጧል፣ ዕድሜውን ሙሉ የመኪና ቆርቆሮ ሲቀጠቅጥ የኖረ ጓደኛዬ ነው፣ ጡረታ ከወጣ አሥራ ሰባት ዓመቱ፣ አሁን ሥራው ሁለት ነው፣ ጠዋት እዚህ ያያል፣ ማታ ባር ሄዶ ያወራል። ዘጠኝ እለዋለሁ። ትናንትም ዘጠኝ ነበር። አዎ ትናንትም ዘጠኝ ነበር፣ ዝም በል። እኔማ ዝም ብያለሁ፣ ግን ፔዳሉን በእንጨት ወጥረህ ከምትለካ እኔ ገብቼ ልርገጥልህ። ያንተ እግር አንዴ አምሳ ኪሎ ነው አንዴ አምስት፣ እንጨቱ ሁልጊዜ አንድ ነው። እንግዲያውስ እንጨቱን አግባት፣ እሷ መልስ አትሰጥህም።

ይስቃል። ይሳቅ። እንጨቷ አምሳ አንድ ሴንቲሜትር ናት፣ በወንበሩና በፔዳሉ መሃል ልክ ትገባለች፣ በእጄ ነው የቆረጥኳት።

ነገ ጠዋት ከሞንተቬርዲኖ በላይ ባለው መንገድ አሮጌዎቹ መኪኖች ይወጣሉ፣ ስድስት ኪሎሜትር፣ አሥራ አራት ጠመዝማዛ፣ እንደ ድሮው ውድድር አይደለም፣ ሽልማት የለውም፣ ሰው አጥሩ ላይ ተደግፎ ያጨበጭባል፣ በቃ። በመጋቢት ደብዳቤ መጣ፣ በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባዎቹ የነዱ ሴቶች እንዲገኙልን እንፈልጋለን ይላል፣ ስማቸው የተጻፈው አራት ናቸው፣ ሁለቱ ሞተዋል፣ አንዷ አትሰማም አታይም፣ አራተኛዋ ዮሌ ናት፣ ታናሽ እህቴ። ደብዳቤውን አንብባ አጠፈችው። ከገባልኝ እነዳለሁ አለች። ምኑ? ሦስተኛው ማርሽ፣ ሌላ ምን አለ። ካልገባ ግን ስማኝ ኤርሜስ፣ ያንተን መኪና በዕድሜዬ ዳግመኛ አልረግጥም፣ ቀብሬም ላይ በእሷ እንዳትመጣ።

ቀብርሽ ላይ በእግሬ ነው የምመጣው አልኳት። በእግርህ? አንተ? ሁለት ጉልበትህን ቆጥረህ ታውቃለህ?

ሁለቱንም ቆጥሬያለሁ፣ ሁለቱም ያሙኛል፣ ይኸው አሁን ከመኪናዋ ስር ስወጣ ግራው ቀጭ አለ። የእሷ ደግሞ ግራው ብረት ነው፣ የዛሬ አራት ዓመት ነው ያስገቡላት፣ ሐኪሙ ሃያ ዓመት ይቆያል ብሏታል፣ እኔ አልቆይም ብላዋለች።

አሁን ምን ቀረ። ፊት ለፊቱ ቀረ። ከኋላ ስጀምር ሁለት ቀን ከኋላ ቆየሁ፣ ቆሻሻው ሁሉ ከኋላ ነው ብዬ፣ ሰው ችግሩን የሚፈልገው እጁ በለመደበት ቦታ ነው። አሮጌው የላይኛው ፖምፓ የሥራ ጠረጴዛው ባንኮ ላይ ነው፣ ትናንት ከመኪናዋ አፍንጫ በኩል አውልቄ የጣልኩት፣ አልጣልኩትም፣ ምንም አልጥልም፣ ብረት ማሰሪያው ሞርሳ አጠገብ አስቀምጬዋለሁ፣ እስቲ ይምጣ። ዝገት፣ የደረቀ ጎማ፣ ይሄ የአርባ ስምንት ዓመት መቆም ነው፣ የሚገርም አይደለም። ግን ዘንጉ የሚገባበት የጎማ ቆብ፣ ቆይ። ቆይ ቆይ። ከላይ በኩል ተበልቷል፣ ከታች ግን አዲስ ነው። ዘንጉ ቀጥ ብሎ ቢገፋ ዙሪያውን እኩል ይበላው ነበር፣ ከላይ ብቻ የበላው አጋድሎ ሲገፋ ነው፣ ሽቅብ አጋድሎ፣ ማለት ዘንጉ ከፔዳሉ ጋር የተያያዘበት ነጥብ ከፍ ብሏል ማለት ነው። ነጥብ ደግሞ በራሱ ከፍ አይልም። ቀዳዳ አይራመድም።

ማን ከፍ አደረገው።

አልገባኝም። ደግሜ አየዋለሁ፣ በጣቴ እዳስሰዋለሁ፣ አውራ ጣቴ የበላውን ጎን ታገኘዋለች። ከእኔ ሌላ ይቺን መኪና የነካ ሰው የለም፣ አንድም፣ ስትመጣ እኔ ተረከብኳት፣ ሁለት ዓመት እኔ አዘጋጀሁ ዮሌ ነዳች፣ አሥራ አራት ውድድር፣ ከዚያ ጎተራው ውስጥ በሸራ ሸፍኜ አርባ ስምንት ዓመት። ቁልፉ በአንገቴ።

ወደ ደብተሮቹ ይሄዳል ልቤ። ስልሳ አንድ ደብተር መደርደሪያው ላይ አለ፣ በአሥራ ሦስት ዓመቴ ከሰው ጋራዥ ወለል ቡሎን እየለቀምኩ ስጀምር የጋራዡ ጌታዬ፣ ያወጣኸውን ቁጠር፣ ያስገባኸውን ቁጠር፣ እኩል ካልሆነ ሞተር አታስነሳ አለኝ፣ ትምህርት ቤቴ ያ ነው፣ ከዚያ ወዲህ ያልቆጠርኩት ያልጻፍኩት ነገር የለም። የሰባ ስድስቱ አረንጓዴ ነው። ሐምሌ፣ ሐምሌ አሥር፣ ይኸው፣ ጎማ አራት ተቀይሯል፣ ሻማ ስድስት፣ የሞተር ዘይት፣ የፍሬን ሸራ ፊት ብቻ፣ ፍሪሲዮን ተፈትሿል፣ ደህና። ስለ ፔዳል አንድ ቃል የለም። ሐምሌ አሥራ አንድ ውድድሩ ነው፣ ከስሩ ባዶ ነው፣ ባዶ የተውኩት ገጽ ያ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ምን ታነባለህ ይላል ቫይነር፣ ኑዛዜህን ነው? ያንተን ነው እለዋለሁ፣ ሳጥኑን ለድመቷ ተናዝዘሃል።

መብራቱ የት ነው። እዚህ። አሁን መግባት ነው፣ ጀርባዬ ወለሉ ላይ፣ እግሬ ወንበሩ ላይ፣ ራሴ ፔዳሎቹ ስር፣ በሠላሳ ዓመቴ አንድ ትንፋሽ ነበር፣ አሁን ሰባት ትንፋሽ ፈጀ፣ ቆጥሬዋለሁ፣ ቫይነር ውጭ ሆኖ እየዘፈነ ነው፣ ገላጋይ ካስፈለገህ ጥራኝ ይላል፣ ገላጋይ ከማን ጋር፣ ከፔዳሉ ጋር ነዋ፣ ዝም በል አልኩህ። አቧራ ዓይኔ ውስጥ። የፍሬኑ ፔዳል፣ የፍሪሲዮኑ ፔዳል፣ ማጠፊያው፣ ዘንጉ የታሰረባት ፒን፣ ፒኗ ያለችበት ቀዳዳ፣ እና ከእሱ ዝቅ ብሎ

ሌላ ቀዳዳ።

ባዶ። ክብ፣ ንጹሕ፣ የሠሪው ቀዳዳ ነው፣ ከማጠፊያው አምሳ ሚሊሜትር ይርቃል፣ ሳልለካው አውቀዋለሁ፣ ግን እለካዋለሁ፣ አምሳ። ፒኗ ያለችበት የላይኛው ሠላሳ ስምንት። አሥራ ሁለት ሽቅብ ተጠግቷል። ወደ ማጠፊያው ስትጠጋ ፔዳሉ ይቀላል፣ እግር ይወደዋል፣ ግን የሚገፋው ያጥራል፣ ከመቶ ሃያ አራት እጅ ያጥራል፣ ከአሥራ ሁለቱ ግፊት ሃያ አራት እጁ ሲቀነስ፣ ዘጠኝ። ዘጠኝ ከነምናምኑ። ይኸው ተገኘች፣ ሁለት ቀን የፈለግኳት ሦስት ሚሊሜትር እዚህ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች፣ ደስ ሊለኝ ይገባል።

መብራቱን አስጠጋዋለሁ። ከላይኛው ቀዳዳ አጠገብ ሦስት ነጥብ አለ። በመርፌ ብረት የተመቱ፣ በሦስት ማዕዘን፣ ትንንሽ።

ይሄ የእኔ ምልክት ነው።

በዚህ አገር ሌላ ሰው አይመታውም። ጌታዬ ያስተማረኝ ነው፣ ሠሪው ያልበሳውን ስትበሳ ምልክትህን ተው፣ ከአንተ በኋላ የሚከፍተው ሰው ቀዳዳው የማን እንደሆነ ይወቅ፣ እሱ አንድ ነጥብ ነበር የሚመታው፣ እኔ ሦስት አደረግሁት፣ የእኔ እንዲበልጥ። ከእኔ በኋላ የሚከፍተው ሰው። ይኸው ከፈተው።

በለስ ዛፉ ስር ተቀምጣ ትበላ ነበር። አሁን ነው የሚመጣው፣ ሁሉም አንድ ላይ፣ እንደ ተገለበጠ የቡሎን ቆርቆሮ። ውድድሩ ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ቀትር፣ ዮሌ በለሱ ስር፣ ሃያ ስምንት ዓመቷ፣ ግራ ጉልበቷ እንደ ዳቦ ተነፍቷል፣ በምትሠራበት አይብ ቤት ውስጥ አርባ ኪሎ ክብ ደረቅ አይብ ከመደርደሪያ ወርዶ መትቷት፣ ዳቦና ሥጋ እየበላች፣ ፔዳሉን ላቅልልሽ እላታለሁ፣ አታቅልልልኝ ትላለች፣ ለወንዶቹ ታቀልላለህ? ለእነሱ ካላቀለልክ ለእኔም አታቅልል፣ አሸንፌ ስወርድ ወንድሟ አቅልሎላት ነው እንዲሉ ነው? እሺ አልኩ። እሺ ብዬ ገባሁ። ብረት መብሻው ትራፓኖ እዚያ ግድግዳ ላይ ነበር የሚሰቀለው፣ አሥር ደቂቃ፣ እሷ በለሱን እየላጠች እኔ በሳሁ፣ ፒኗን አዛወርኩ፣ እንጨት ወጥሬ ሞከርኩ፣ ማርሹ ገባ፣ ቀዝቃዛ ሞተር ላይ፣ ቆማ ባለች መኪና ላይ፣ ገባ። በደብተሩ አልጻፍኩም፣ ዮሌ ደብተሩን ታነባለች፣ ማታ ማታ እየገለጠች ስህተት ትፈልግብኛለች። እጄ ግን ሦስቱን ነጥብ መታ። እጄ መዋሸት አያውቅም ነበር፣ የሚዋሸው ሌላው ነው።

በማግስቱ የመጀመሪያውን ዙር በሁለት ሰኮንድ መራች። ሁለት ሰኮንድ፣ ሠላሳ አንድ ወንድ ከኋላዋ። በሁለተኛው ዙር ሞተሩ ግሏል፣ ዘይቱ ግሏል፣ ቱቦው ለስልሷል፣ ያቺ ዘጠኝ ሚሊሜትር ስምንት ሆናለች፣ ሦስተኛው ጠመዝማዛ ላይ ከአራተኛ ወደ ሦስተኛ ማርሽ ስትመልስ ጩኸቱ እኔ እስከቆምኩበት ድረስ ተሰማ፣ አልገባም፣ መኪናዋ ያለ ማርሽ ነጻ ሆና ተንሸራታ ገለባ ክምሩ ውስጥ ገባች። እግዚአብሔር ይመስገን ገለባ ነበር። ወርዳ፣ ቆቧን አውልቃ፣ ፀጉሯ ገለባ ብቻ፣ ፍሪሲዮኑ አልለቀቀም አለችኝ። በሰው ሁሉ ፊት። ሜካኒኮቹ ሁሉ ቆመው። እኔም ፍሪሲዮኑ ደህና ነው አልኩ፣ እግርሽ ነው።

እግርሽ ነው።

ቫይነር ሳቀ፣ ሌላው ሳቀ፣ በማግስቱ ለካሁ፣ አዎ ለካሁ እኮ፣ ራሴን ላሳምን ጠዋት ተነስቼ ለካሁ፣ በብርድ፣ ማርሹ ገባ፣ ይኸው ደህና ነው አልኩ። የጋለውን አልለካሁም። ሁሉን የሚቆጥር ሰው የጋለውን አልለካም። ቀዳዳውን ረስቼው ነበር? ሰው ያልጻፈውን ይረሳል። አይደለም፣ ተው እንጂ፣ ሰው ሊረሳው የፈለገውን ነው የማይጽፈው። አላውቅም። ከሁለቱ የቱ እንደሆነ አሁን መሬት ላይ ተንጋልዬም አላውቀውም።

ኤርሜስ፣ ይላል ቫይነር፣ ሞትክ እንዴ? አልሞትኩም። ምን አገኘህ? ምንም።

ምንም አልኩት። ይሄ ስንተኛው ነው።

በቃ እጅህን አንቀሳቅስ። ማቀፊያዋ በፒንሳ፣ ወጣች፣ አንድ፣ ፒኗ፣ ሁለት፣ ሁለቱ ቀለበቶች፣ አራት፣ ዘንጉ ወረደ፣ ወደ ታችኛው ቀዳዳ፣ ሠሪው ወዳሰበው፣ ገባ፣ አሁን ቀጥ ብሏል፣ አያጋድልም፣ ፒኗ፣ ሁለቱ ቀለበቶች፣ ማቀፊያዋ። ያወጣሁት አራት፣ ያስገባሁት አራት። ትንፋሽ። መውጣት ከመግባት ይከፋል፣ ዘጠኝ ትንፋሽ። እንጨቷን ወጥር፣ ወደ ኋላ ሂድ፣ ካሊብሮ።

አሥራ ሁለት።

አሥራ ሁለት! አሥራ ሁለት እንጂ! ወንበሩ ላይ ገብቼ ሞተሩን አስነሳለሁ፣ እረግጣለሁ፣ አንደኛ ገባ፣ ሁለተኛ ገባ፣ ሦስተኛ፣ እንደ ቢላ ቅቤ ውስጥ፣ ቫይነር ከሳጥኑ ተነስቶ ያጨበጭባል፣ ምን አድርገህ ነው አንተ ሰይጣን? ዝም። አሁን ደግሞ በጋለ፣ ዛሬ በጋለ፣ አስነስቼ እተዋታለሁ፣ ሃያ አምስት ደቂቃ፣ የሙቀት መርፌው እስኪወጣ፣ ማራገቢያው ሁለት ጊዜ እስኪነሳ፣ እንደገና እለካለሁ፣ አሥራ ሁለት አይሞላም በፀጉር፣ ማርሹ ይገባል፣ ሃያ ጊዜ አስገባለሁ፣ ሃያውም ገባ።

የሰውነት ሚዛኗን ከመታጠቢያ ቤት አምጥቼ ፔዳሉ ላይ ደግፌ እጫናለሁ። በላይኛው ቀዳዳ አሥራ አራት ኪሎ ይሆን ነበር፣ አሁን አሥራ ስምንት ተኩል። ከባድ ነው። ለብረት ጉልበት ከባድ ነው፣ አሥራ አራት ጠመዝማዛ፣ በትንሹ ሠላሳ ርግጫ።

አሁን ሥራው አልቋል። አልቋል አይደል? አንድ ነገር ቀረ፣ የላይኛው ቀዳዳ። ባዶ ቀዳዳ ብረት ያደክማል፣ መሞላት አለበት፣ ማንኛውም ሜካኒክ ይሞላዋል፣ ፔዳሉን አውልቄ፣ በኤሌክትሮድ ጠብ ጠብ አድርጌ፣ በሞረድ አስተካክዬ፣ ጥቁር ቀለም ቀብቼ፣ አርባ ደቂቃ፣ ቀትር ሳይሆን እጨርሳለሁ። ሦስቱ ነጥቦችም በሞረዱ ይሄዳሉ። ዮሌ ትመጣለች፣ ትረግጣለች፣ ይገባል፣ ምን ነበር ብትለኝ ፖምፓው አርጅቶ ነበር እላታለሁ፣ እውነት ነው፣ አርጅቶ ነበር። ደስ ይላታል። ነገ ትወጣለች፣ ሰው ያጨበጭባል። ማን ተጎዳ?

ፔዳሉን አወለቅሁት። ሞርሳው ላይ አሰርኩት። የብየዳውን ጭንብል ራሴ ላይ አደረግሁ፣ አላወረድኩትም ገና። ቫይነር አይቶ ይሄን ደግሞ ምን ልትበይድ ነው ይላል፣ እኔም የተሰነጠቀ ነገር አለ እላለሁ፣ ሁለተኛው ውሸት፣ እሱም ጋዜጣውን እያጠፈ ትናንት ባር ውስጥ ፊዮሬሎ ካርታ ሲጫወት ሰባት ይዞ አራት ጣለ፣ ምን አልነው መሰለህ

አውቃለሁ ምን እንዳላችሁት።

የዮሌ እግር አልነው! ይላል፣ ጉልበቱን እየመታ፣ ልጆቹም ይሉታል አሁን፣ ዮሌ ማን እንደሆነች እንኳ የማያውቁት፣ አንዱ ብርጭቆ ሲጥል የዮሌ እግር፣ ኳስ ሲስት የዮሌ እግር።

አውቃለሁ። እኔም እላለሁ። እኔ ነኝ የጀመርኩት። ስንት ጊዜ ተባለ፣ ባሩ በዓመት ሦስት መቶ ቀን ይከፈታል፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ዝቅ አድርጌ ነው የምቆጥረው፣ አርባ ስምንት ዓመት፣ ሃያ ስምንት ሺህ ስምንት መቶ። ሃያ ስምንት ሺህ ስምንት መቶ ጊዜ። ዮሌ በዚያ ባር በር ስታልፍ የምትራመደው በመንገዱ ወዲያኛው ጠርዝ ነው፣ ሁልጊዜ፣ ዝናብ ቢሆንም፣ መጠለያው ግን በዚህኛው በኩል ነው፣ ይሄን አይቼ አውቃለሁ፣ ቆጥሬው ግን አላውቅም። ያወጣኸውን ቁጠር፣ ያስገባኸውን ቁጠር፣ እኩል ካልሆነ ሞተር አታስነሳ።

ጭንብሉን አወልቃለሁ። ኤሌክትሮዱን ቦታው መልስ። ፔዳሉን ከሞርሳው ፍታ፣ መልሰህ ግጠም፣ ቀዳዳውም ከነነጥቡ ይግባ፣ ብረቱ አይደክምም፣ ሠላሳ ርግጫ ይችላል፣ እኔ ነኝ የደከምኩት። ቫይነር፣ እለዋለሁ። ወዬ። ዛሬ ቀትር ምሳ ብለህ እንዳትሄድ። ለምን? አለሁ በል ብዬሃለሁ። ኧረ አለሁ፣ ምሳ ካለ ደግሞ እስከ ሰኞ አለሁ።

የቤተክርስቲያኑ ደወል ሳይመታ ነው የምትመጣው፣ አውቃታለሁ፣ ይኸው ትንሿ ነጭ መኪናዋ፣ ከበሩ ራቅ አድርጋ አቆመቻት፣ ቆስጣ የተሞላ ቂጣ በፎጣ ጠቅልላ፣ የእሽቅድምድም ጫማዋን አድርጋለች፣ ያንኑ፣ የሰባ ስድስቱን፣ ጠርዙ የተሰነጠቀ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት የት አስቀምጣው ነበር። እንደምን ዋልክ ቆጣሪው። ቫይነር አንተም አለህ፣ ገና አልተቀበርክም? ወረፋ እየጠበቅሁ ነው ዮሌ፣ ኤርሜስ ቀድሞኝ ቆሟል። በል ይሄን ብሉ፣ ትኩስ ነው፣ ለእናንተ ብዬ አይደለም፣ ተርፎኝ ነው። ሠራህ? ትለኛለች፣ መኪናዋን እያየች፣ እኔን ሳታይ። ሠራሁ። ይገባል? ይገባል። በጋለ? እንደዚያ ብላ ጠየቀች። በጋለ። አርባ ስምንት ዓመት ያቺን ቃል ይዛ ኖራለች ማለት ነው፣ እሷ አውቃለች፣ የጋለውን እሷ ታውቀው ነበር።

ዮሌ።

ምን?

ድምፄ ይወጣል ወይ። ከፍ አድርገህ ተናገር፣ እስከ ሳጥኑ ድረስ። በሰባ ስድስት፣ ውድድሩ ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው፣ አንቺ በለሱ ስር ስትበዪ፣ ፔዳሉን በሳሁት፣ እንዳይከብድሽ ብዬ፣ አታድርግ ብለሽኝ ሳለ። ሲግል የማይለቀው በእሱ ነው። ፍሪሲዮኑ ነበር፣ እኔ ነበርኩ። እግርሽ አልነበረም።

ቂጣውን ይዛ ቆማለች። ባንኮው ላይ አስቀመጠችው፣ ቀስ ብላ፣ ፎጣውን አስተካከለች፣ ጠርዙን ከጠርዙ ጋር።

ስንት ነው የጎደለው ትላለች። ሦስት ሚሊሜትር። ሦስት። ሦስት። ለአርባ ስምንት ዓመት ሲካፈል ለዓመት ስንት ይደርሰኛል፣ አንተ ቆጣሪ? የሚሊሜትር አንድ አሥራ ስድስተኛ። መልሱ ከአፌ ወጣ፣ ሳላስበው፣ ዝም ማለት ነበረብኝ፣ እሷ ግን አየችኝ፣ ሳቅ አይደለም፣ ሳቅ አይመስልም፣ አንተ ልትሞት ስትል ራሱ ትንፋሽህን ትቆጥራለህ አለች። ከዚያ ወደ በሩ ዞረች። ቫይነር። አቤት። ሰማህ? ምኑን? ሰምተሃል ወይስ ልድገመው? ሰማሁ ዮሌ፣ ሰማሁ። እንግዲያውስ ማታ ባር ስትሄድ ቀይረው። ምን እንበል ታዲያ፣ አለ ድሀው፣ ሌላ ቃል ካልተሰጠው እንደሚጠማ ሰው፣ ምን እንበል? እኔም የኤርሜስ ትራፓኖ በሉ አልኩ። ጎሽ አለች። የኤርሜስ ትራፓኖ። እሱ ይሁን።

ይቅር አላለችኝም። አልጠየቅሁም፣ አላለችም።

ከባድ ነው እላታለሁ በሩን ከፍቼ፣ አሥራ ስምንት ተኩል ኪሎ ነው፣ ለጉልበትሽ፣ ብትፈልጊ ሌላ መላ፣ ግን ጠይቄሽ ነው ዛሬ፣ ጠይቄሽ። አርባ ኪሎ አይብ በቀን መቶ ጊዜ ሳገላብጥ ማን መዘነልኝ? ትላለች፣ እንጨትህን አንሳልኝ ከዚህ። እንጨቷን አነሳሁ። ገባች፣ ቀስ ብላ፣ በመጀመሪያ መቀመጫዋ፣ ከዚያ ብረቱን እግሯን በሁለት እጇ አንስታ፣ ረገጠች። ፊቷ ተኮማተረ። እንደገና ረገጠች። እንደገና። ስድስት ጊዜ፣ እሷም ትቆጥራለች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ የአንድ እናት ልጆች ነን። አስነሳችው።

ወጣች። ጎማው ጠጠሩን በተነው፣ ቫይነር አቧራውን በጋዜጣ ይከላከላል፣ ወደ ቦዩ መንገድ ታጠፈች፣ ቀጥ ያለ ነው፣ ስምንት መቶ ሜትር፣ መጨረሻው ላይ የአሮጌው ወፍጮ ጠመዝማዛ፣ እዚያ ከአራተኛ ወደ ሦስተኛ ካልመለስክ ቦዩ ውስጥ ነህ። ዝም በል ቫይነር፣ አላወራሁም፣ መተንፈስህን ራሱ ዝም በል። አንደኛ። ሁለተኛ፣ ንጹሕ። ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ እየሸሸች ነው፣ ድምፁ ቀጠነ፣ ፍጥነቷ በዛ፣ በሰባ ስድስት ዓመቱ ሰው እንዲህ አይነዳም፣ ቀንሺ፣ አትቀንሺ፣ ወፍጮው ደረሰ አሁን፣ ከነዳጁ እግሯን አነሳች፣ ሰማሁት፣ ረገጠች፣ አሥራ ስምንት ተኩል፣ አሥራ ሁለት፣ አሁን፣ ጩኸቱ ከመጣ አሁን ነው፣ አርባ ስምንት ዓመት በጆሮዬ ውስጥ ያለው ጩኸት አሁን ነው የሚመጣው፣ አንድ፣

ሦስተኛ።

ገባ። ዝም ብሎ ገባ። ከወፍጮው ባሻገር ደግሞ ትታጠፋለች፣ ደግሞ ትመልሳለች፣ እየራቀች ነው፣ እኔም እየቆጠርኩ አይደለም